ደጃፍ ላይ የቀሩ ጫማዎች፦ የተሕዋስያንን የዲኤንኤ አሻራ የሚተነትኑ ሶፍትዌሮች እንዴት ይሠራሉ?

ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ጆንያ ጤፍ ተካፍለው፣ አንድ ወፍጮ ቤት አስፈጭተው፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ ቀድተው ያቦካሉ። የአንዷ እንጀራ ለስለስ፣ የሌላዋ ኮምጠጥ ይላል። እናቶቻችን ምክንያቱን ሲጠየቁ «እርሾው ነው» ይላሉ፤ ልክም ናቸው። ሊጡ ላይ የሚጠልለው ያ ቢጫማ ውሃ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ተሰባስበው የሚኖሩበት መንደር ነው። ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍም የየቤቱ መንደር የየራሱ ታሪክ አለው።

የሁለቱ ቤቶች መንደር በእርግጥ ይለያያል ወይ? የሚለያይ ከሆነስ ምን ያህል? ጥያቄው ስለ እርሾ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ የተጨመረበትን ማሳ ካልተጨመረበት፣ የሚሠራውን የባዮጋዝ ጉድጓድ ሥራ ካቆመው፣ የታመመን ሰው አንጀት ከጤነኛው ለማወዳደር የሚነሣ ተመራማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን የሚያሰሉት ሶፍትዌሮች ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ ግን በብዛት በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። «ኮምፒውተሩ ውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ዘረዘረ» ሲባል እንሰማለን። በዲኤንኤ አሻራ የሚሠሩት ሶፍትዌሮች ዋና ሥራ ግን መዘርዘር ሳይሆን ማወዳደር ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም?

አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ወይ ዱላ ወይ ድቡልቡል ናቸው። ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ዝርያዎች መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ሌላው የቆየ ዘዴ ናሙናውን ምግብ በተዘጋጀበት ሳህን ላይ ዘርቶ የሚበቅለውን መቁጠር ነው። ችግሩ አብዛኞቹ ሳህን ላይ አለመብቀላቸው ነው። ከአፈር ወይም ከሐይቅ በተወሰደ ናሙና ውስጥ በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት ሕዋሳት መካከል በሳህን ላይ የሚያድጉት ብዙ ጊዜ ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም። ጀምስ ስቴሊ እና አለን ኮኖፕካ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ገደል በ1985 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ታላቁ የሳህን ቆጠራ ግድፈት» ብለው ጽፈውበታል፤ ስሙም ጸንቶ ቀርቷል። የእርሾ ባክቴሪያዎች ከአፈሮቹ ይልቅ ለማራባት ይቀላሉ። ቢሆንም የሳህኑ ምግብ የሚስማማው ይፋፋል፣ የማይስማማው ይቀራል፤ ስለዚህ የምንቆጥረው የቡሃቃውን ሳይሆን የሳህኑን ሕዝብ ይሆናል።

መፍትሔው ሕዋሱን ትቶ ዲኤንኤውን መጠየቅ ሆነ።

ከዲኤንኤው የትኛው ክፍል ይጠየቃል?

ፕሮቲን የማይሠራ ባክቴሪያ የለም። የሚሠራበት መሣሪያም ራይቦዞም ይባላል። ለባክቴሪያ ራይቦዞም አንዱን ክፍል የሚያዘጋጀው ዘረመል 16ኤስ ይባላል፤ ርዝመቱ ወደ 1,500 የዲኤንኤ ፊደል ነው። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ። በ1977 ካርል ዎዝ እና ጆርጅ ፎክስ የዚህን ዘረመል ውጤት በማወዳደር አርኬያ የሚባሉትን ተሕዋስያን ከባክቴሪያ የተለዩ ወገን አድርገው ካሳዩ ወዲህ፣ 16ኤስ የተሕዋስያን መታወቂያ ካርድ ሆኖ ቆይቷል።

ካርድ ያሰኘው አሠራሩ ነው። አንዳንድ ክፍሎቹ በሁሉም ባክቴሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ያሉ ዘጠኝ ክፍሎች ግን ከወገን ወገን ይለያያሉ። ልክ በየቀበሌው መታወቂያ ላይ «ስም»፣ «ዕድሜ» የሚሉት ቃላት አንድ ሆነው የተሞላው መልስ እንደሚለያይ ማለት ነው። በማይለወጠው ክፍል ላይ የሚለጠፉ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ይሠራሉ። ከዚያ በኮቪድ ጊዜ ስሙን ሁላችንም በለመድነው በፒሲአር አማካይነት በናሙናው ውስጥ ያለው 16ኤስ ሁሉ ተባዝቶ ሚሊዮኖች ቅጂ ይወጣል።

ከዚህ ላይ እርሾን በሚመለከት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በቡሃቃው ውስጥ ከባክቴሪያ ሌላ ይስት የሚባሉ ባለአንድ ሕዋስ ፈንገሶች አሉ። እነዚህ የባክቴሪያ 16ኤስ የላቸውም። ስለዚህ በባክቴሪያ ፕራይመር ብቻ የተጠየቀ እርሾ ስለ ይስት አንዲት ቃል አይመልስም። በተቃራኒው የዕፅዋት አረንጓዴ ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ በጥንት ዘመን ከባክቴሪያ የመጣ በመሆኑ የራሱ 16ኤስ አለው። ከጤፉ ዱቄት የተረፈ የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ካለ አብሮ ተባዝቶ ራሱን እንደ ባክቴሪያ ያስቆጥራል። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ አያውቅም። ማወቅ ያለበት ሰውየው ነው።

«የዲኤንኤ አሻራ» ሲባል የአባትነት ምርመራ ዓይነት ነው?

ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። አሌክ ጄፍሪስ በ1984 በእንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ የአንድን ሰው ዲኤንኤ ከሌላው የሚለይ የመስመር ንድፍ አገኘ፤ የፍርድ ቤትና የአባትነት ምርመራ ከዚያ ተነሣ። በእኛ ጉዳይ ግን አሻራው የአንድ ግለሰብ አይደለም። በመቶ ወይም በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነቶች ተቀላቅለው የሚያወጡት የጋራ ንድፍ ነው።

እንዲህ እናስበው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ዓርብ መስጊድ በር ላይ ቆመናል። ወደ ውስጥ መግባት አልተፈቀደልንም፤ ሰዎቹን አናይም። ደጃፉ ላይ የተወለቁት ጫማዎች ግን አሉ። የእያንዳንዱን ጫማ ቁጥር ወስደን «ከ38 ይህን ያህል፣ ከ40 ይህን ያህል፣ ከ43 ይህን ያህል» ብለን ብንመዘግብ የማንንም ስም ሳናውቅ ብዙ እንረዳለን። ዛሬ ሕፃናት በዝተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዋቂ ወንዶች ነበሩ። ሌላ ደጃፍ ሄደን ተመሳሳይ ዝርዝር ብንሠራ ሁለቱን ጉባኤዎች ማወዳደር እንችላለን። የተሕዋስያን የዲኤንኤ አሻራ ይኸው የጫማ ቁጥር ዝርዝር ነው።

የጫማው ቁጥር እንዴት ይለካል?

ከብዙ ዘዴዎች የታወቀውን እንውሰድ። ቲ-አርኤፍኤልፒ ይባላል፤ በ1997 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ለተሕዋስያን ማኅበረሰብ ጥናት የቀረበ ነው። ነጠላ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡ። አንድ ጫፉ ላይ ብቻ ጥለት አለው። ነጠላው የተባዛው 16ኤስ ነው፤ ጥለቱ ፕራይመሩ ላይ የተነከረ፣ ሌዘር ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ነው። አሁን ቆራጭ ኤንዛይም ይጨመራል። ኤንዛይሙ መቀስ ነው፣ ግን የሚቆርጠው አንድ የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ሲያገኝ ብቻ ነው። ኤምኤስፒ-1 የሚባለው ለምሳሌ «ሲ-ሲ-ጂ-ጂ» ባለበት ሁሉ ይቆርጣል። በአንዱ ባክቴሪያ ዘረመል ላይ ይህ ቃል መጀመሪያ የሚገኘው 90ኛው ፊደል አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ በሌላው 150ኛው፣ በሦስተኛው 490ኛው።

ነጠላው ብዙ ቦታ ቢቆረጥም ማሽኑ የሚያየው ጥለት ያለበትን ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ርዝመት ብቻ ይወጣል፦ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መቁረጫ። ቁራጮቹ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ። አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ይዘገያል። መውጫው ላይ ያለው ሌዘር ብርሃኑን ይመዘግባል፣ በሌላ ቀለም አብረው የተነዱ ርዝመታቸው የታወቀ ቁራጮች ደግሞ እንደ ማስመሪያ ያገለግላሉ። ውጤቱ ጉብታ ጉብታ ያለበት መስመር ነው። ጉብታው የቆመበት ቦታ ርዝመቱን፣ የጉብታው ስፋትና ከፍታ የቁራጮቹን ብዛት ይናገራል።

ከዚህ ዘዴ ጎን ለጎን በ1993 ለዚሁ ሥራ የቀረበው ዲጂጂኢ አለ፤ ቁራጮቹን በርዝመት ሳይሆን በጄል ውስጥ የተጣመሩት ሁለት የዲኤንኤ ክሮቻቸው መፈታት በሚጀምሩበት ነጥብ ይለያል። በ1999 የመጣው አሪሳ ደግሞ በ16ኤስ እና በጎረቤቱ ዘረመል መካከል ያለውን ክፍተት ርዝመት ይለካል። ሁሉም በመጨረሻ የሚያወጡት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ቦታና መጠን ያላቸው ምልክቶች ዝርዝር።

ሶፍትዌሩ እዚህ ላይ ይገባል። በ2009 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣው ቲ-ሬክስ የሚባለው ነፃ የድረ ገጽ መሣሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ብዙ ሰው ቀላል ከሚመስለው፣ ግን ከሁሉ ከባዱ ከሆነው እርምጃ ነው።

የትኛው ጉብታ እውነተኛ፣ የትኛው የማሽን ጫጫታ ነው?

የማሽኑ መስመር ፈጽሞ ዝም አይልም። ከታች ትንንሽ ሞገዶች አሉ። ገሚሶቹ የቀለም ፍንጣቂ፣ ገሚሶቹ ጨርሶ ያልተቆረጠ ዲኤንኤ ዝቃጭ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በእርግጥ በናሙናው ውስጥ ያሉ ነገር ግን ጥቂት የሆኑ ተሕዋስያን ናቸው። መጀመሪያዎቹን መጣል፣ መጨረሻዎቹን ማቆየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ግን ግንባራቸው ላይ ምልክት የላቸውም።

ቀላሉ መንገድ ቋሚ ወሰን ማስቀመጥ ነው፦ ከ50 የብርሃን መለኪያ በታች ያለውን ሁሉ ጣል። ብዙዎች ይህን አድርገዋል። ጉዳቱን ለማየት ወደ ደጃፉ እንመለስ። መሽቷል፤ በባትሪ ነው የምናየው። አንደኛው ደጃፍ ላይ ኃይለኛ ባትሪ፣ ሌላው ላይ ደካማ ባትሪ ይዘናል። በመጀመሪያው 30 ዓይነት ጫማ ቁጥር ቆጠርን፣ በሁለተኛው 18። «የመጀመሪያው ጉባኤ የበለጠ ስብጥር አለው» ብንል ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ባትሪያችን ተናገርን ማለት ነው። በላቦራቶሪ ባትሪው ወደ ማሽኑ የገባው የዲኤንኤ መጠን ነው። ብዙ ዲኤንኤ የገባበት ናሙና ትንንሽ ጉብታዎቹም ከወሰኑ በላይ ብቅ ይላሉ፤ ትንሽ የገባበት ናሙና ተመሳሳይ ሕዝብ ይዞ ሳለ ድሃ ይመስላል።

ስለዚህ የተሻሉት ሶፍትዌሮች ወሰኑን ከናሙናው ከራሱ ያወጣሉ። በ2006 የታተመና ቲ-ሬክስ የሚጠቀምበት አንድ ዘዴ እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያ የጉብታዎቹ ሁሉ የመዋዠቅ መጠን፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽን የሚባለው፣ ይሰላል። ከዚህ መጠን ለምሳሌ 3 እጥፍ በላይ የሆኑት ጉብታዎች «እውነት» ተብለው ወደ ጎን ይቀመጣሉ። ትልልቆቹ ስለወጡ መዋዠቁ ያንሳል፤ በቀሩት ላይ እንደገና ይሰላል፣ እንደገና ከወሰኑ በላይ የሆኑት ይወጣሉ። ከወሰኑ የሚያልፍ እስኪታጣ ይደገማል። የቀረው ጫጫታ ይባላል። ስንዴ በወንፊት ደጋግሞ እንደመንፋት ነው፤ ግን ወንፊቱ በየዙሩ እየጠበበ ይሄዳል።

ያ «3 እጥፍ» የሚለው ቁጥር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። 2 ብለን ብንመርጥ ብዙ ጉብታ ይተርፋል፤ 4 ብንል ይቀንሳል። እኔ የአንድን ጥናት ውጤት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው። ተመራማሪው ካልጻፈው፣ ስለ «ብዝኀነት መጨመር» የሚነግረኝን ለማመን እቸገራለሁ።

146.3 እና 146.7 አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

የዲኤንኤ ፊደል በግማሽ አይቆረጥም። እውነተኛው ርዝመት 146 ወይም 147 ነው። ማሽኑ ግን 146.3፣ 146.7 እያለ ይመዘግባል፤ ምክንያቱም የሚለካው ፍጥነትን እንጂ ፊደላቱን እየቆጠረ አይደለም። ፍጥነቱ በሙቀት፣ በቱቦው ዕድሜ፣ ቁራጩ በተሠራበት የፊደል ዓይነት ሳይቀር ይለወጣል። አንድ ባክቴሪያ በሰኞው ናሙና 146.3፣ በማክሰኞው 146.7 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የጫማ ፋብሪካው ሲለያይ 40 ቁጥር ትንሽ ሰፋ ወይም ጠበብ እንደሚለው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ የሚቀራረቡትን ርዝመቶች በአንድ ጎራ ማስገባት ነው። በ2005 የወጣው ቲ-አላይን ለዚህ የተሠራ ነው፤ ቲ-ሬክስም ተመሳሳይ አካሄድ ይከተላል። ተጠቃሚው «በግማሽ ፊደል ውስጥ ያሉትን አንድ በልልኝ» ሊል ይችላል። ግን ናሙናዎቻችን 146.3፣ 146.7፣ 147.1 እና 147.5 ቢያመጡስ? እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በ0.4 ብቻ ነው የሚርቀው፤ በሰንሰለት ከተያያዙ ሁሉም አንድ ጎራ ይሆናሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግን በ1.2 ፊደል ይራራቃሉ፣ ምናልባትም ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ከትንሹ ተነሥቶ በግማሽ ፊደል ብቻ የሚሰፍር ሶፍትዌር ደግሞ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ 146.3 እና 146.7 በአንድ፣ 147.1 እና 147.5 በሌላ። ከአንድ ጥሬ መረጃ ሁለት የተለያየ ሠንጠረዥ ወጣ። ሁለቱም ስሌቱ ላይ አልተሳሳቱም።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በሠንጠረዥ ይቀመጣል። ረድፉ ናሙና፣ ዓምዱ የርዝመት ጎራ፣ በመገናኛቸው ላይ ያ ጉብታ ከናሙናው አጠቃላይ ብርሃን ስንት በመቶ እንደሆነ።

ሁለት መንደሮች ምን ያህል እንደሚለያዩ በቁጥር ይነገራል?

ይነገራል፤ መሣሪያዎቹ የመጡት ግን ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከጫካና ከተራራ ነው። ፖል ዣካርድ በ1901 የአልፕስ ተራሮችን ዕፅዋት ሲያወዳድር የተጠቀመበት ቀመር «ሁለቱ ቦታዎች ካሏቸው ዓይነቶች ስንቱን ይጋራሉ?» ብቻ ነው የሚጠይቀው። ብሬይ እና ከርቲስ በ1957 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ደኖች ላይ በሠሩት ጥናት የታወቀው ደግሞ ብዛቱንም ይመለከታል።

በእርሾው እንሞክረው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የወጡ ናቸው። ሦስት ጉብታዎች አሉ እንበል። በመጀመሪያዋ ቤት ድርሻቸው 60፣ 30 እና 10 በመቶ፤ በሁለተኛዋ ቤት 20፣ 30 እና 50 በመቶ ነው። ዣካርድን ብንጠይቅ ሦስቱም ጉብታዎች በሁለቱም ቤት ስላሉ «ልዩነት የለም» ይላል። ብሬይ-ከርቲስን ብንጠይቅ ከእያንዳንዱ ጉብታ ሁለቱ የሚጋሩትን ዝቅተኛ ድርሻ ይደምራል፦ 20 ሲደመር 30 ሲደመር 10፣ ጠቅላላ 60። ስለዚህ 60 በመቶ ይመሳሰላሉ፣ 40 በመቶ ይለያያሉ። ለእንጀራው ኮምጣጣነት የትኛው ጥያቄ ይሻላል? በእኔ ግምት ሁለተኛው፤ ቡኮውን የሚያኮመጥጠው አሲድ አምጪው ባክቴሪያ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መብዛቱ ነውና። ብርቅዬ ዓይነት መጥፋት አለመጥፋቱን ለሚከታተል ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ይሻላል።

ናሙናዎቹ 40 ቢሆኑ የሁለት በሁለት ርቀታቸው 780 ቁጥር ይሆናል፤ ይህን በዓይን አንብቦ የሚረዳ የለም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ካርታ ይሥላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር መቀሌ፣ ከመቀሌ ድሬዳዋ... እያልን የከተሞችን ርቀት ብቻ ብንሰጠው ከተሞቹን ወረቀት ላይ በየቦታቸው እንደሚያስቀምጥ ሰው ማለት ነው። የሚቀራረቡ ነጥቦች የሚመሳሰሉ ናሙናዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት ካርታ ላይ ሰሜንና ደቡብ ትርጉም የላቸውም፤ ገልብጣችሁ ብታዩትም ያው ነው። ትርጉም ያለው መቀራረብና መራራቅ ብቻ ነው። ካርታው ርቀቶቹን ምን ያህል አዛብቶ እንዳጠጋጋ የሚናገር «ስትረስ» የሚባል ቁጥርም አብሮ ይወጣል። ከ0.2 በላይ ከሆነ ካርታውን በጥርጣሬ ማየት የተለመደ ነው።

ቲ-ሬክስ ለዚሁ ሥራ አሚ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ዘዴ ያቀርባል። በአገራችን የምርምር ማዕከላት የጤፍና የስንዴ ዝርያዎችን በተለያየ ቦታ ዘርተው ለሚያወዳድሩ ባለሙያዎች አሚ እንግዳ አይደለም፤ ዝርያው በየቦታው የሚሰጠው ምርት የሚለዋወጥበትን መንገድ የሚለዩት በእሱ ነው። ዝርያ የነበረው ጉብታ፣ ማሳ የነበረው ናሙና ሆነ እንጂ ሒሳቡ አንድ ነው።

የቀረው ጥያቄ ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ በናሙናዎቹ ላይ ያሉትን «ቤት አንድ»፣ «ቤት ሁለት» የሚሉ ስሞች እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ያደባልቃል፣ ልዩነቱን እንደገና ያሰላል፣ ይህንንም በተለመደው አሠራር 999 ጊዜ ይደግማል። በዘፈቀደ የተደባለቀው ከእውነተኛው እኩል ወይም የበለጠ ልዩነት የሚያሳይበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ከሆነ፣ የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ዕጣ ያመጣው አይደለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ የባክቴሪያዎቹን ስም አይነግረንም?

በግምት ሊነግረን ይሞክራል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማይካ በመረጃ ቋት ያሉትን የታወቁ 16ኤሶች በኮምፒውተር ውስጥ ቆርጦ «ይህ ባክቴሪያ በዚህ ኤንዛይም ይህን ርዝመት ይሰጣል» የሚል ዝርዝር ያወጣል። ፈንገስ ለሚያጠኑ ደግሞ ትራምፕ-አር የሚባል መሣሪያ አለ፤ የናሙናውን ጉብታዎች ከታወቁ ፈንገሶች አሻራ ጋር ያመሳክራል።

ግን 40 ቁጥር ጫማ የሚያደርጉ ስንት ሰዎች አሉ? አንድ ርዝመት በመረጃ ቋቱ ውስጥ የማይዛመዱ ብዙ ባክቴሪያዎችን ሊያመለክት ይችላል። አንድ ብልኃት በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ኤንዛይሞች መቁረጥና በሁሉም የሚገጥመውን ብቻ መያዝ ነው፤ እንደ ጫማ ቁጥርና የኮት ልክ አንድ ላይ። ዕጩዎቹን ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ላይ አያደርስም።

ብዛቱም ያታልላል። ኢ.ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ 16ኤስን 7 ጊዜ ጽፎ ይይዛል፤ የሳንባ ነቀርሳ አምጪው ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ደጃፉ ላይ አንዱ ሰው ሰባት ጥንድ፣ ሌላው አንድ ጥንድ ጫማ እንደሚተው ነው። ስለዚህ 35 በመቶ የሆነ ጉብታ 35 በመቶ ሕዋስ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ናሙናዎችን ስናወዳድር ይህ ስሕተት በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ስለሚሠራ ጉዳቱ ይቀላል። ስለ አንድ ናሙና ብቻ «ይህን ያህሉ እንዲህ ነው» ስንል ግን ሙሉ በሙሉ ይመታናል።

አሁን ቅደም ተከተሉን በርካሽ ማንበብ ሲቻል ይህ ለምን ያስፈልጋል?

እውነት ነው፤ ከ2005 ወዲህ በመጡት ፈጣን የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽኖች ምክንያት አብዛኛው ምርምር ርዝመት ከመለካት ፊደሉን ራሱን ወደ ማንበብ ተሸጋግሯል። በ2009 የወጣው ማዘር፣ በ2010 የወጣው ቻይም፣ በ2016 የመጣው ዳዳ2 የዚህ ትውልድ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሰዎቹን ባናይም አሁን ጫማው ላይ የተጻፈ ስም እናነባለን እንደማለት ነው። ይሁንና በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን በጥቂት ወጪ ለማወዳደር አሻራው አሁንም ያገለግላል፤ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የተሰበሰበው የአፈርና የውሃ መረጃም በዚሁ ቋንቋ የተጻፈ ነው።

ከዚያም በላይ፣ ጥያቄዎቹ አልተለወጡም። ጫጫታው የማሽን ፍንጣቂ መሆኑ ቀርቶ የንባብ ስሕተት ሆነ፤ «146.3 እና 146.7 አንድ ናቸው?» የነበረው «በሁለት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ቅደም ተከተሎች አንድ ናቸው?» ሆነ። ብሬይ-ከርቲስም ካርታውም ባሉበት አሉ።

«ይህ ምልክት እውነት ነው ወይስ ጫጫታ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ዳሎልን ማየት ይበቃል። በአፋር የሚገኙት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ጨዋማነታቸውና አሲድነታቸው አንድ ላይ ሲታይ በምድር ላይ አቻ የሚገኝላቸው አይመስልም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ መበርታቱን በሚያሳየው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ዜሮ አካባቢ ናቸው። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከስፍራው በወሰደው ናሙና የእጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን ምልክት ማግኘቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ስፍራዎች ብዙ ዓይነት አርኬያ ማግኘቱን፣ እጅግ አሲድና እጅግ ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ግን ሕይወት አለማግኘቱን ጻፈ። ሁለተኛው ቡድን ያስጠነቀቀው ሁለት ነገር ነው፦ አንዳንድ ማዕድናት በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ይመስላሉ፤ ዲኤንኤ በሌለበት ቦታ ደግሞ ፒሲአር ከሰው፣ ከአየር ወይም ከላቦራቶሪ ዕቃ የመጣችውን ኢምንት ብክለት አባዝቶ ሊያወጣ ይችላል። ሕይወት ባለበትና በሌለበት መካከል ያለው መስመር ከዚያ ትንሽ ጉብታ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች ስንመለስ፣ ጥያቄያቸውን በሚገባ ለመመለስ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከየቤቱ ከአንድ ቡኮ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ቡኮዎች፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ናሙና ይወሰዳል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፣ አንዴ በባክቴሪያ ፕራይመር፣ አንዴ በፈንገስ። ከጎናቸው እርሾ ያልገባበት የጤፍ ዱቄት ብቻውን ይመረመራል፤ የክሎሮፕላስቱ ጉብታ የት እንደሚቆም የሚያሳየው እሱ ነው። በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ አንድ ቱቦ ከሌሎቹ ጋር ሁሉንም እርምጃ አብሮ ያልፋል። በውሃው ውስጥ ብቅ ያለ ጉብታ በእርሾው ውስጥም በዚያው ቦታ ከታየ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ቢል ከሠንጠረዡ ይወጣል።